ክቡር ተፈቅዷል ወይ እና የፎቶ ቤቱ መስታወት

ሰው ባለበት ሁሉ፣ ፎቶ በተነሳ ቁጥር «ተፈቅዷል ወይ?» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ ሰፈር ግን የታደለው የእነዚህን ሰዎች ሁሉ አለቃ ነው። ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠሩ ጡረተኛ ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ክቡር ተፈቅዷል ወይ እንላቸዋለን። ፊት ለፊት ግን ጋሼ ናቸው።

ለመታወቂያ አራት ጉርድ ፎቶ አዝዘው አምስት ከታጠበላቸው፣ አምስተኛዋን እዚያው በመቀስ ካላስቆረጡ ከወንበራቸው አይነሱም። የነዋሪዎች ኮሚቴ አብሮ ፎቶ ሊነሳ ሲል ድምፅ አሰጥተዋል። አሥራ አንድ ደገፈ፣ ሁለት ተቃወመ። ሁለቱ ፎቶው እስኪያልቅ ከአጥሩ ጀርባ ቆመው ጠበቁ፤ አንደኛው ሊቀመንበሩ ነበር። የልጄ ሠርግ ላይማ ካሜራ ባዩ ቁጥር እየዞሩ፣ አልበሟ ውስጥ ሰባት ቦታ ጀርባቸው አለ።

ከዚያ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነገር መጣ።

ባሏ የተቀበረ ዕለት፣ ቤተሰቡ የቀጠረው ፎቶ አንሺ ሻሿ ከራሷ ወድቆ ስታለቅስ አነሳት። ሁለት ወር ቆይቶ ያቺን ፎቶ የጠረጴዛ ገጽ አሳክሎ አሳጠባትና ፎቶ ቤቱ መስታወት ላይ ሰቀላት። ድንቅ ፎቶ ነበረች፤ ቆሜ አድንቄያታለሁ። ልብስ ሰፊዋ ግን በፎቶ ቤቱ ፊት ላለማለፍ የጨርቅ እሽጓን ተሸክማ በጀርባ በኩል በጭቃው መዞር ጀመረች።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፎቶ ቤቱ ገቡ። እኔም ለወሬ ተከተልኳቸው። ፎቶ አንሺው ክፉ ሰው አይደለም። ተጠርቼ ሄጄ ያነሳሁት የራሴ የእጅ ሥራ ነው፣ ሕግም ለእኔ ነው የሚፈርደው አለ።

«ሥራው ያንተ ነው ልጄ፤ ፊቱ ግን የእሷ ነው» አሉት።

«ቤተሰቡ ፈቅዷል እኮ ጋሼ።»

«የፈቀዱት እንድታነሳ ነው። እንድትሰቅል ማን ፈቀደልህ?»

እንግዲህ ይክሰሱኝ አላቸው።

ክስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። በማግስቱ ጠዋት ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ፣ መስታወቱ ፊት ቆሙና ፎቶዋ ላይ ዘረጉት። ዝናብ የለም፣ ፀሐይም የለም። እስከ ምሳ ቆሙ፤ ከምሳ በኋላ ተመለሱ። እንዲህ አሥራ ሁለት ቀን። ሳቅንባቸው። ለጉልበታቸው አዝነን ወንበር ብንወስድላቸው፣ ከተቀመጥኩ ግንባሯ ይታያል ብለው መለሱት።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ፎቶ አንሺው ወጣ። «ይበቃል ጋሼ፤ እናቴ እንኳ በእርስዎ ምክንያት ካኮረፈችኝ ሦስት ቀኗ ነው።» ፎቶዋን ከነፍሬሟ አወረደ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለችውንም እያዩት አጠፋት።

ጋሼ ጃንጥላቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ የፎቶዋን ፊት ወደ ደረታቸው አዙረው፣ ትልቁን ፍሬም አቅፈው በዋናው መንገድ ወረዱ። በአንድ በኩል ልያዝልዎት ብላቸው፣ «አይሆንም፣ ታያታለህ» አሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ ስንት ሳምንት ያያትን!

ስልኬ እጄ ላይ ነበር፤ ካሜራው ተከፍቷል። ላባቸው እየወረደ፣ የሰው ለቅሶ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ ፎቶ በሕይወቴ አጋጥሞኝ አያውቅም። ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ቀድሜያቸው ሮጬ የልብስ ሰፊዋን በር አንኳኳሁ።

ያንን ፎቶ ስላላነሳሁ ነው ይህን የጻፍኩት፤ በዚህ ዕድሜዬ ጸሐፊ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። ረቂቁን ሁለቱም አንብበውታል። ልብስ ሰፊዋ ምንም አልነካችም። ጋሼ ሦስት መስመር ሰርዘዋል፤ ከጽሑፉ ሁሉ ያማሩት እነዚያ ነበሩ።