እንዝርት የያዘ አባት

በአገራችን ሰው ቢያጣ ቢያጣ ምክር አያጣም። በሬው ቢሞትበት የሚያውሰው ይቸግረው ይሆናል፤ "ልጄ ታመመችብኝ" ብሎ አንዴ ካወራ ግን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ ገበያ ያገኘው ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ ቅጠል ያዝዛል፣ አንዱ ጥቁር ዶሮ። ሌላው ደግሞ የአጎቱን ልጅ ይኸው ሕመም አግኝቶት በምን እንደዳነ ሲያጫውታችሁ ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ መሞቱ ትዝ ይለዋል። እኔ ግን መካሪን አልረግምም። ከዚያ ሁሉ ምክር አንዱ ልጄን ሰጥቶኛል።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው። ስማዳ፣ ወገዳ ላይ የወረዳ ጸሐፊ ነበርሁ። ጸሐፊ ሲባል ቀላል ሰው አይምሰላችሁ፤ የሰው ሁሉ ማመልከቻ በእጄ ስለሚያልፍ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ ሽማግሌ ሳይቀር ከመቀመጫው ይነሣልኝ ነበር። ከቁብ የማትቆጥረኝ የአራት ዓመት ልጄ አትጠገብ ብቻ ነበረች። ስሟን ብጠራት ዞር አትልም። ጆሮዋ አይሰማም እንዳልል፣ ጓዳ ውስጥ ባቄላ ሲንኮሻኮሽ ከደጅ ሰምታ ትመጣለች። ባቄላውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ትደረድረዋለች፤ አንዲት ፍሬ ያነሡባት እንደሆነ እስኪመሽ ታለቅሳለች። እንግዳ መጥቶ እንደ አገሩ ልማድ ጉንጯን ሊስም ሲጠጋትማ ጩኸቷ ጎረቤት ይጠራል። አንዲት ቃል ከአፏ ወጥታ አታውቅም። ዛሬ ይህ ነገር ስም አለው ይላሉ። ያን ጊዜ የነበረው ስም አንድ ነው፤ እሱንም በልጄ ላይ መጻፍ አልፈልግም።

ጠበል ወሰድናት። አራት ጎልማሶች ይዘው አስጠመቋት፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። የባለቤቴ የእናኑ አባት፣ አማቴ ግራዝማች፣ "አንድ ቀን ምን ይሠራል? ፋሲካ ሲያልፍ ሩቅ ጠበል ወስጄ አስቀምጣታለሁ፤ እስኪለቃት እዚያው ትቆይ" ብለው ቆረጡ። ግራዝማች የቆረጡትን የሚቀጥል ሰው ደግሞ በቤታችን አልተወለደም። እናኑ ስታለቅስ ሰነበተች። መንገድ ያሳዩን አጥማቂው ቄስ ራሳቸው ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርልኝ። ልጅቱን የከበዳት ጠበሉ ሳይሆን የያዟት እጆች ናቸው አሉና፣ ከደብሩ አጠገብ የሚኖሩ እማሆይ ወለተ ሥላሴ የሚባሉ መነኩሲት እንዳማክር ነገሩኝ።

እማሆይ የመጡ ዕለት ልጅቱን ሰላም አላሏትም። እናኑ ቅር አላት፤ መነኩሲት ሰላምታ ስትነፍግ የት ታይቶ! እሳቸው ግን ፊታቸውን ዞር አድርገው መደቡ ላይ ተቀመጡና ባዘቶና እንዝርት አውጥተው ይፈትሉ ጀመር። እንዝርቱ ሲሾር አትጠገብ ባቄላዋን ትታ መጣች። ይኼኔ እማሆይ እንዝርቱን ያቆሙና ዝም ይላሉ። አያባብሉ፣ አይቆጡ። ልጅቱ ስትቁነጠነጥ ቆይታ ወደ ባቄላዋ ትመለሳለች። በየቀኑ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት አትጠገብ የእማሆይን እጅ ይዛ እንዝርቱ ላይ አስቀመጠችው። ልጄ በገዛ ፈቃዷ የሰው እጅ ስትይዝ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔም መድኃኒቱ ገባኝ ብዬ ገበያ ወረድሁና አምስት እንዝርት ገዛሁ። የጎረቤት ሴቶች ለምኜ፣ ልጅቱን ከበው እንዲፈትሉ አደረግሁ፤ የአንዷ ሲቆም የሌላዋ ይሾራል። አትጠገብ ደስታውን አልቻለችውም። እጅ መያዙ ግን ቀረ። እማሆይ መጥተው ይህን አዩና፣ ሴቶቹን መርቀው ካሰናበቱ በኋላ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ልጄ፣ እኔ እንዝርቱን ያመጣሁት ሰው እንድትፈልግ ነው። አንተ ሰው እንዳያስፈልጋት አደረግህ።"

ለዐቢይ ጾም ሱባኤ ሊገቡ ስለሆነ ሥራውን ለእኛ ማስረከብ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። እኔም እናኑን ጠራኋት።

"እናቷንማ ትፈልጋለች" አሉ እማሆይ። "የማታውቅህ አንተን ነው። አንተ ፍተል።"

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። በስማዳ ወንድ ልጅ ሲፈትል ከታየ በለቅሶ ቤት ይወራበታል፣ በሠርግ ቤት ይዘፈንበታል። ያውም የወረዳ ጸሐፊ! ግን "የማታውቅህ አንተን ነው" ያሉኝ ነገር አንጀቴን በላው፤ እውነት ነበራ። ስለዚህ በየቀኑ ከቢሮ ስመለስ በሩን እቀረቅርና፣ ኮቴን አውልቄ እንዝርቱን ጭኔ ላይ አሾራለሁ። ክሩ ይበጠሳል። እማሆይ እንዝርቱን አስበው ነበር የሚያቆሙት፤ የኔው ሳላስበው ይቆማል። ለአትጠገብ ልዩነት አልነበረውም። ጾሙ ሳይጋመስ እጄን ያዘች። ለሆሳዕና ሰሞን ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ።

ፋሲካ አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ ስፈትል በሩ ተከፈተ፤ መቀርቀሩን ረስቼዋለሁ። ግራዝማች ምርኩዛቸውን ይዘው ደፉ ላይ ቆመዋል፤ ልጅቱን የምትወስደው በቅሎ ከኋላቸው ተጭናለች። እንዝርቱ እጄ ላይ ደረቀ። እኔ ግራዝማችን አያለሁ፣ ግራዝማች እንዝርቱን ያያሉ። አትጠገብ መጣችና አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ እሷ አዞረችው።

"ደግሞ" አለች።

እናኑ ከጓዳ ወጥታ ባለችበት ቀረች። ግራዝማች ከልጅ ልጃቸው አፍ ቃል ሰምተው አያውቁም። ገቡና፣ በሩን በምርኩዛቸው ገፍተው ዘጉት፤ ቀስ ብለውም መደቡ ላይ ተቀመጡ።

"ምን ታየኛለህ?" አሉኝ። "ልጅቱ 'ደግሞ' አለችህ እኮ። ፍተል።"

ፈተልሁ። በቅሎዋም ባዶዋን ተመለሰች።

አትጠገብ እንደ ሌሎቹ ልጆች ሆነች ብል እዋሻለሁ። ቃሏ ጥቂት ነው፤ ጉንጯን መሳም አሁንም አትወድም፤ እንግዳው ነው ከሩቅ እጅ መንሣት የለመደው። ግን ስትፈልገኝ ትጠራኛለች። ከዚህ በላይ ምን እለምናለሁ? ተመስገን።

አገሬው ምክንያቱን እስከ ዛሬ ይከራከርበታል። ገሚሱ ጠበሉ ቆይቶ ሠራ ይላል፤ ገሚሱ የእማሆይ ጸሎት ነው ይላል፤ የቀረው ደግሞ የግራዝማችን ግርማ አይቶ ነው የለቀቃት ይላል። ግራዝማችም በአማቻቸው ጭን ላይ ያዩትን ለማንም ላለመንገር ሲሉ ይህኛውን አያስተባብሉም ነበር። ሁሉንም አመሰግናለሁ። የኔን ፈትል ያነሣ ግን እስካሁን የለም። እኔም አልተከራከርሁም፤ ለመከራከር በመጀመሪያ መፍተሌን ማመን ነበረብኝ።