የሁለት ኮከብ ተቀባዮች

ሰው ራሱ የማይችለውን ነገር ሌላው ሲሠራው ቁጭ ብሎ ማየትና «ጥሩ ነበር፣ ግን…» ማለት ይወዳል። ኳስ ነክቶ የማያውቅ ሰው አሠልጣኙን ሲያርም ውሎ ጉሮሮው ደርቆ ወደ ቤቱ ይገባል። ምድጃ አጠገብ ቆሞ የማያውቅ ባል የወጥ ጨው ማነሱን በአንዲት ጉርሻ ይደርስበታል። እነዚህ ግን በነጻ ነው የሚደክሙት፤ ለፍቅር ሲሉ። እኔ ያቺን «ግን» እየጻፍሁ የምኖር ሰው ነኝ።

ሥራዬ ፍሪላንስ ጸሐፊነት ይባላል። ይህን መተማ ላይ ለማስረዳት ብዙ ደክሜ ትቼዋለሁ። አከራዬ አንድ ቀን «ምንድን ነው የምትሠራው?» ሲሉኝ፣ መሥሪያ ቤት እንደሌለኝ፣ አለቃ እንደሌለኝ፣ ሰዓት እንደማልፈርም፣ ደስ ያለኝን እንደምጽፍ በኩራት ዘረዘርሁላቸው። በጥሞና ሰምተው «አይዞህ፣ እግዜር አንድ ነገር ያገናኝሃል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም ቢጠይቀኝ «መምህር ነኝ» እላለሁ።

ዋናው እንጀራዬ «የወሩ ጥበብ በቆላው» የምትል ዓምድ ናት። ጎንደር ተቀምጦ የድረ ገጽ መጽሔት ለሚያዘጋጅ አንድ ወዳጄ በየወሩ መጨረሻ እልክለታለሁ። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ምን ዘፈን ወጣ፣ ማን ምን ሣለ፣ ማን ምን ፈጠረ የሚለውን ለቃቅሜ አምስት ሥራ እመርጥና ለእያንዳንዱ ከአምስት ኮከብ ነጥብ እሰጣለሁ። አምስት ሥራ! በየወሩ! እናንተ ከተማ ያላችሁት ይህ ምን ያህል ቀልድ እንደሆነ አይገባችሁም። አንድ ወር በአይሱዙ መኪኖች ኋላ አንበሳ ለሚሥል የገንዳ ውኃ ሰዓሊ ሦስት ኮከብ ሰጠሁት፤ አንበሳው ድመት ድመት ባይል ኖሮ አራት ያገኝ ነበር። ሌላ ወር በእህል ጭነት ላይ ተንጠልጥዬ፣ የቀረውን በእግሬ አዝግሜ ገለጉ ደረስሁና የሠርግ ኦርጋን ተጫዋቹ ጄኔሬተር ስለተበላሸበት ሠርገኛውን በጭብጨባ ሲያስጨፍር አገኘሁት። እሱን «የዝምታ ሙዚቃ» ብዬ ጻፍሁለት። አንድ ወር ደግሞ ምንም ብዞር አምስተኛውን አጣሁ። አዘጋጁ እየደወለ ነው። በደጄ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን እያስጮኸ አለፈ። «አዲስ የድምፅ ሙከራ» ብዬ ሦስት ኮከብ ሰጥቼው ተኛሁ። እባካችሁ አትፍረዱብኝ።

እንዲህ ስባዝን ጥቅምት ደረሰና ከሽንፋ ወጣ ብሎ ስላለ አንድ የሰሊጥ እርሻ ሰማሁ። እርሻው የእትዬ ጥሩዬ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚያርሱ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲናገሩ ሰው ዓይን ውስጥ የሚገቡ ሴት ናቸው። ለአጨዳ ከደጋ የወረዱ ሃያ ሠራተኞች ቀጥረዋል፤ አብሯቸው ይመር የሚባል ወሎዬ ወርዷል፤ ሲዘፍን መኪና አቁሞ የሚሰማው ሹፌር አለ ተባለ። እኔስ ምን እጠብቃለሁ? ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ወረድሁ።

እውነትም ድምፅ ነበር። ይመር ከሰልፉ ፊት ይሆንና ግጥሙን ያወርደዋል፤ ሃያው ሰው ጎንበስ እንዳለ «እሆ!» ብሎ ይቀበለዋል። ያወርዳል፤ «እሆ!» ያወርዳል፤ «እሆ!» ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ናቸው። ቀረጽሁ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር ተቀምጬ የእትዬ ጥሩዬን ውኃ ጠጣሁ፣ አመስግኜ ተመለስሁ። ያን ምሽት የጻፍሁትን ስታነቡት ደማችሁ ይሞቅ ነበር። ይመርን በቆላው ሐሩር የበቀለ ብርቅዬ ድምፅ፣ ግጥሞቹንም የአንድ ታላቅ ገጣሚ ሥራ አልኋቸው። አምስት ኮከብ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ግን ሐያሲ ነኛ! ያቺ «ግን» መጣች። «የተቀባዮቹ ድምፅ ግን» ብዬ ጻፍሁ፣ «አንድ ወጥና አሰልቺ ነው፤ ከፍ ዝቅ አይልም፣ አይጌጥም፤ ለይመር ችሎታም አይመጥንም። ይመር ከእነሱ ተለይቶ ስቱዲዮ ቢገባ ይሻለዋል።» ለተቀባዮቹ ሁለት ኮከብ።

አንባቢ የለኝም እያልሁ ስማረር የኖርሁ ሰው ነኝ። እሑድ ዕለት ሠራተኞቹ ሳሙናና ባትሪ ሊገዙ ሽንፋ ወጡ። ይመር ተጽፎልኛል ብሎ ደስ ብሎታል፤ ጨርቅና የስልክ ካርድ ከሚሸጡት ሐጂ ሱቅ ጓዶቹን ይዞ ገባና ያነቡለት ዘንድ ለመናቸው። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው፣ ስልካቸውን ራቅ አድርገው ይዘው፣ ጮክ ብለው፣ አንዲት ቃል ሳያስቀሩ አነበቡ። በአንድ ጊዜ አንድ ሙሉ ሱቅ አንባቢ አገኘሁ ማለት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«አንተ ነህ ኮከብ የምታድለው?»

«አዎ፣ እትዬ ጥሩዬ። እንዴት ሰነበቱ?»

«ምን መሰንበት አለ። ከሰኞ ጀምሮ ሰዎቹ አፋቸውን ዘግተው ነው የሚያጭዱ። ይመር ቢዘፍን ቢዘፍን የሚቀበለው የለም። እኛ አሰልቺዎች ነን፣ የተቀጠርነው ለማጨድ ነው፣ ለመዝፈን አይደለም አሉኝ። ምን ልበላቸው? ሰሊጡ እየረገፈ ነው። እኔ ከዚች እርሻ ሌላ ምንም የለኝም፤ የዓመት ቀለቤም የልጆቼ ትምህርትም እዚችው ላይ ነው ያለው። ናና ያበላሸኸውን አስተካክል።»

ሰሊጥ ትዕግሥት የሌለው እህል መሆኑን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ማሽላ ትንሽ ብታቆዩት ቆሞ ይጠብቃችኋል። ሰሊጥ ግን ደርሶ ጥቂት ቀን ከዘገያችሁ ፍሬውን የያዘው ሽፋን ከጫፉ ይከፈትና ዘሩን ሁሉ መሬት ላይ ያፈሰዋል። መሬት የነካ ሰሊጥ ደግሞ የጉንዳን ነው።

እኔ ያደረግሁትን ስሙ። አንድ ባለሙያ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ለአዘጋጁ ደወልሁ። «እርማት እናወጣለን» አለኝ፣ ምንም ሳይደነግጥ። «ስንት እናድርጋቸው?» ትንሽ አሰብሁና «አራት» አልሁ። አምስት ማለት እንዴት እንዳቃተኝ እስካሁን ለራሴም አይገባኝም። ሴትዮዋ ሰሊጣቸው እየረገፈ እኔ ለዓምዴ ክብር እጨነቃለሁ! እርማቱን በወረቀት አሳትሜ በዕለቱ በተገኘው መኪና ሽንፋ ገባሁ።

እርሻው ላይ ስደርስ መጀመሪያ የመታኝ ጸጥታው ነው። ሃያ ሰው ጎንበስ ብሎ ያጭዳል፣ ግን ሰልፉ ተበጣጥሷል። አንዱ ቀድሞ ሄዶ ይጠብቃል፤ ሌላው ወደ ኋላ ቀርቶ የጎረቤቱን ማጭድ እያየ ይፈራል፤ ሦስተኛው ወገቡን ይዞ ቆሟል። ይመር ዳር ላይ ማጭዱን መሬት ላይ እየቧጨረ ተቀምጧል። አምስት ኮከቡ ብቻውን አስቀርቶታል።

ራኩባው ሥር ሰበሰብኋቸውና እርማቱን አነበብሁ። የተቀባዮቹ አንጋፋ፣ ከጎጃም የመጡ አያ ምህረቴ የሚባሉ ሽበታም ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ባጃጁስ?» አሉ።

«የቱ ባጃጅ፣ አያ ምህረቴ?»

«ሐጂ የፊተኛውንም ወር አንብበውልናል። ለባጃጅ ጥሩምባ ሦስት ሰጥተሃል። ለእኛ ሁለት። እንግዲህ ዛሬ ባጃጁን በአንድ በለጥነው ማለት ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እርማቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትሁት።

«ልጀ፣ አንድ ወጥ ናችሁ ብለኸናል» አሉ፣ ሳይቆጡ። «አልዋሸህም። ሃያ ማጭድ ጎን ለጎን ሆኖ ይሰነዘራል። እሆ ስንል ነው የምንቆርጠው። አንዱ ድምጤን ላሳምር ብሎ ትንሽ ቢዘገይ፣ የማን ጣት ነው የሚቀር? ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ወጥ ስለሆን ነው ይኸው አሥር አሥር ጣት ይዘን ያለን።» እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ከዚያ ማጭድ አቀበሉኝ። «እኔ ባስረዳህ አይገባህም። ግባና ተቀበል።»

ገባሁ። በአያ ምህረቴና በአንድ የላሊበላ አካባቢ ልጅ መካከል አቆሙኝ። ይመር ደስ ብሎት ብድግ አለና አወረደው። «እሆ!» አልሁ፣ ቆረጥሁም። ሁለተኛው ላይ «እሆ!»፤ ቆረጥሁ። ምን አላት? አልሁ በልቤ። ወደ አሥረኛው ግድም ሲደርስ ግን፣ ይቅር በሉኝና፣ ትንሽ ላስጊጣት አሰኘኝ። «እ—ሆ—ኦ—ኦ!» ብዬ ጎተት አደረግኋት። ሰልፉ ቆርጦ አልፏል፤ እኔ ገና ከድምፄ ጋር ነኝ። ልድረስባቸው ብዬ ማጭዴን ስስብ የግራ እጄ አመልካች ጣት እዚያው ነበረች።

ጥልቅ አልነበረም። ደሙ ግን ይገርማል። እትዬ ጥሩዬ ከሻሻቸው ጫፍ ቀድደው አሰሩልኝና «እሰይ» አሉ፣ በሐዘኔታ ይሁን በሌላ አልለየሁትም። ሠራተኞቹ ሳቃቸውን ይዘው ያዩኛል። ይመር ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ ትንሽ ቆየና እንዲህ ሲል አወረደው፦

ኮከብ አዳይ መጣ ከከተማ ወርዶ፣
ጣቱን ለሰሊጡ ጨመረው ከነዶ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ። ከሰኞ ጀምሮ የታመቀው ሳቅ ፈነዳና፣ ሳቁ ሳያልቅ «እሆ!» ሆነ፣ «እሆ!»ውም ማጭድ ሆነ። ሃያ ሰው እንደ አንድ ሰው ጎንበስ አለ። ግጥሙን መቶ ጊዜ ሳይደግሙት አልቀሩም፤ በየዙሩም አንድ አዲስ ይጨመርበታል። ስለ አፍንጫዬ ተዘፈነ። ስለ ጫማዬ ተዘፈነ። እኔ ራኩባው ሥር ጣቴን ወደ ላይ ቀስሬ ተቀምጬ ሰሊጡ ሲወድቅ አያለሁ፤ በሕይወቴ እንዲያ ተሰድቤም እንዲያ ደስ ብሎኝም አላውቅም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እርሻው በሙሉ ታጭዶ፣ ነዶው ቀጥ ቀጥ ተደርጎ ተደግፎ ቆመ።

በሙሉ አልሁ እንዴ? አይደለም። በምሥራቅ በኩል ያለው ጠርዝ ቀድሞ ደርሶ ነበር። እትዬ ጥሩዬ ወስደው አሳዩኝ። አንዱን አገዳ ነቀሉና መዳፌ ላይ ገልብጠው አራገፉት። ምንም አልወረደም። «ይሄ የአንተ ነው» አሉኝና አገዳውን ሰጥተውኝ ሄዱ። አፈርሁ። ዓምዴን ከጀመርሁ ወዲህ የጻፍሁት ነገር ሰው ቤት ድረስ ገብቶ የሚጎድል ነገር ያጎድላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ለካ ማንም አያነበኝም ማለቱ ለእኔ ምቾት ነበር።

ሠራተኞቹ ወደ አብርሃ ጅራ ሌላ አጨዳ ሊሄዱ የጭነት መኪና ይጠብቃሉ። ሐያሲ አይደለሁ? ልማዴ አልለቀቀኝም። ይመርን ለብቻው ጠራሁትና «ያቺ ግጥም» አልሁት፣ «እኔ ላይ ብትሆንም ግሩም ናት። በዚያች ቅጽበት እንዴት መጣችልህ?»

ይመር ደንግጦ አየኝ። «እኔ? ወላሂ የእኔ አይደለችም። እኔ ድምጥ ነው ያለኝ። ግጥሙን ከኋላየ ሹክ የሚሉኝ አያ ምህረቴ ናቸው።»

«ያቺን የጣቴንም?»

«ሁሉንም። ያኔ የጻፍኸውንም።»

የታላቁ ገጣሚ ነገር ትዝ አለኝና ጆሮዬ ጋለ። አያ ምህረቴ ጓዛቸውን ጠቅልለው ከመኪናው መንገድ ዳር ተቀምጠዋል። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«አያ ምህረቴ፣ ምነው ያን ጊዜ አልነገሩኝም? ስምዎን እጽፍ ነበር እኮ።»

«መቼ ጠየቅኸን?» አሉ፣ እየሳቁ። «ፎቶውን ስታነሳ ለመናገር ቀረብ ብየ ነበር። ዘወር በሉልኝ፣ ይከልሉታል አልኸኝ።»

መኪናው መጣ፤ ተጫኑ፤ ገና ሳይርቁ መዝፈን ጀመሩ። እኔ ስልኬን አወጣሁና ፎቶውን ፈለግሁት። ይመር መሃል ላይ አፉን ከፍቶ ቆሟል፣ ከኋላው ሰሊጥ። በስተቀኝ ጠርዝ ላይ የአንድ ሰው ክርን ይታያል። ለአዘጋጁ ስልከው ያቺን ክርን ቆርጬ ነበር የላክሁት፤ ሥዕሉን ታበላሻለች ብዬ።