ፀጉራቸውን የተስተካከሉ በጎች

ሸዋ ሮቢት ውስጥ በግ ማርባት የማያውቅ ሰው ፈልጉ ብትባሉ አታገኙም። ባለባጃጁ ያውቃል፣ ባለሆቴሉ ያውቃል፣ በግን ከቅቅል በቀር አይቶት የማያውቀውም ያውቃል። ሠላሳ ዓመት ሳይንስ ያስተማርኩት እኔማ እንዴት ልቅር?

ጡረታ እንደወጣሁ መንዝ ሄጄ ስድስት እናት በጎች ከሁለት ግልገል ጋር ገዛሁ። መንዝ ብርድ ነው፤ በጎቹም ለብርዱ የሚመጥን ፀጉር ለብሰዋል። እኔ አይሱዙ ላይ ጫንኳቸውና ጣርማበርን ቁልቁል ይዤ፣ ሰው ካናቴራ የሚከብደው ቆላ ላይ አራገፍኳቸው። ልብ አድርጉ፤ ስለ ሙቀት ለልጆች ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ሮቢ ወንዝ ዳር ሣሩ ላይ ቆመው ያለከልኩ ጀመር። እኩለ ቀን ላይ አንዷ ተዘረረች። ውሃ በጆግ ስደፋባት እንደ ምንም ተነሣች። ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ዕድሜያቸውን በግና ፍየል ሲጠብቁ የኖሩ ሴት ናቸው። ከግራር ሥር ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ምነው መምህር፣ ወደ ጥላው አታስገባቸውም?» አሉኝ። እኔን ሊያስተምሩኝ! ጣጣው የጥላ ሳይሆን የፀጉር መሆኑን በትዕግሥት አስረዳኋቸውና ፀጉር አስተካካዬን ብርሃኑን ልጠራ ከተማ ሄድኩ።

ብርሃኑ ደንበኛ አያሳፍርም፤ በባትሪ የሚሠራ ቶንዶሱን ይዞ መጣ። ቶንዶሱ ግን ከመጀመሪያዋ በግ ትከሻ ሳያልፍ ታነቀ። መቀስ አወጣ። እኔ እግር ይዤ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ እየሸለተ፣ «ጋሼ፣ ከጎን ዝቅ ላድርጋት?» አለኝ። ሲቀልድ መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁት። ከምሩ ነው!

ተሸልተው ሲያበቁ ገሚሱ ገላቸው ራቁት፣ ገሚሱ ጉብታ ሆነ። ግልገሎቹ እናቶቻቸውን ሲያዩ እየጮኹ ፈረጠጡ። እናት ትከተላለች፣ ልጅ ይሸሻል። መንገደኛ ገበሬ አህያውን አቁሞ እነዚህን ውሾች ከየት እንዳመጣኋቸው ጠየቀኝ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይኸው ነው።

በነጋታው ደግሞ ፀሐይ ራቁት ቆዳቸውን ለበለበው። እትዬ ዘነበች ሳልጠራቸው ቅቤ ይዘው መጡና እያንዳንዷን እያባበሉ ቀቧት። «ማለዳ አሰማራ፣ ፀሐይ ሲከር ጥላ ሥር አሳርፍ፣ ሲበርድ መልሰህ አውጣ። ይቺን ታህል ነገር ትምህርት ቤት አትነግሩም እንዴ?» አሉኝ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። እንዳሉኝ አደረግሁ፤ ግልገሎቹ እናቶቻቸውን በድምፃቸው ለይተው ተመለሱ፣ ስድስቱም ዳኑ።

ያልዳነው ብርሃኑ ነው። «በግ በሸለተበት መቀስ እኛን ሊነካ?» ብሎ ደንበኛው ሁሉ ሸሸው። እንዲህ ያለ ኋላ ቀርነት አይቼ አላውቅም! መቀሱን በአልኮል አጥቦታል፣ ጥፋቱም የእኔ እንጂ የእሱ አይደለም፤ ይህንኑ ሻይ ቤት ተቀምጬ አገሩን በሙሉ ገሠጽኩ። አንዱ ግን አናቴን ትክ ብሎ አይቶ፣ የእኔን ፀጉር ማን እንዲህ አሳምሮ እንዳስተካከለው ጠየቀኝ።

ማጀቴ ከተማ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ፣ በዚያው ፀጉሬን መቆረጤን ነገርኩት።