አባቴን የዋጠው ስልክ

ትናንት ተኝቼ ያየሁትን ለማመን እኔ ራሴ አራት ጊዜ ፊቴን ታጥቤያለሁ።

ስልኮች በሁለት እግራቸው ቆመው መርካቶ መሐል ይንጎራደዳሉ። እያንዳንዱ ስልክ በእጁ አንድ ሰው ይዟል። ጎረቤቴን ጋሽ ዘርጋውን አንዱ ጎረምሳ ስልክ ግንባራቸውን በጣቱ ያሻቸዋል።

«ባትሪ ሁን!» አላቸው። ጆሯቸው ቦግ ብሎ በራ።

«ጋሽ ዘርጋው፣ ምነው ዝም ይሉታል?»

«ተወኝ አንተ፣ ቻርጄ አራት በመቶ ነው።»

ደሜ ፈላ። ወዲያው ቀበሌ ተጠራሁ። መስታወቱ የተሰነጠቀ ግዙፍ ስልክ ወንበር ላይ ተኮፍሷል። እኔ ደግሞ ከክብሪት ሳጥን የማትበልጠውን ኤምፒ ስሪ ማጫወቻዬን ኪሴ ደብቄያለሁ። ሟቹ አባቴ በሰርጌ ቀን ያቅራራው ቀረርቶ እሷ ውስጥ ብቻ ነው ያለው።

«አውጣት!» አለኝ። አወጣኋት።

«አንቺ፣ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አጫውታለሁ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አላውቅም። እሱን ግን በወጉ ነው የምሠራው።»

«ሥራ ፈት!» ብሎ ዋጣት።

«ትፋት! አባቴ ውስጧ አለ!» ብዬ አነቅኩት።

ከሆዱ የአባቴ ድምፅ «ዘራፍ…» ሲል አንዲት ሴት «ውድ ደንበኛችን፣ ጥቅልዎ አልቋል» ብላ አቋረጠችው። እንደገና ሲጀምር የፓስታ ማስታወቂያ ገባበት። ሦስተኛ ሲሞክር ዱባይ ያለችው አክስቴ ደወለች።

«አባዬ፣ አትስማቸው፣ ቀጥል!»

«ዳታ ክፈትልኛ ልጄ፣ በምን ልቀጥል?» አለኝ ተለሳልሶ። ዳኛ ፊት እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የማያውቅ ሰው! ንዴት ናላዬን አዞረው። ያንን ሆዳም በቴስታ እለዋለሁ ብዬ ግድግዳውን ገጭቼ ነቃሁ።

ፀሐይ ወጥታለች። ባለቤቴ የሺመቤት በሩ ላይ ቆማ አዲስ ሰማያዊ ሳፋ ታገላብጣለች።

«ከየት መጣ?»

«ልዋጭ መጥቶ ነበር። ያቺን አሮጌ ማጫወቻህንና ሱሪዎችህን ሰጥቼ ለወጥኩት። አያምርም?»

«የአባቴ ድምፅ እኮ አለባት!»

«ስልኬ ላይ ገልብጬዋለሁ ብለኸኝ አልነበር እንዴ?»

ብያት ነበር። ስትጨቀጭቀኝ ጊዜ ዋሽቻት ነው።

ልዋጩ እየሞከራት ነው መሰለኝ፣ የአባቴ ቀረርቶ በሰፈሩ ታች እየራቀ ተሰማኝ። ብድግ ብዬ ሱሪ ብፈልግ አንድ የለም። ሳፋውን ከእጇ ነጥቄ፣ ከወገቤ በታች ጋርጄ ወጣሁ።