የሸክላው መርፌና የወይራው ሳንቃ

እንጨት በአማርኛችን ስሙ የጠፋ ፍጡር ነው። ጨዋታ የማያውቅ ሰው «እንጨት!» ይባላል፤ ለዛ የሌለው ንግግር እንጨት እንጨት ይላል። ይህን ስድብ ያወጣው ሰው አናጢ እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ። እናንተም የአማቴን ነገር እስክትሰሙ ድረስ አትፍረዱ።

አማቴ አቶ ሙላት፣ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ከደብረ ወርቅ ደብረ ማርቆስ እኛ ቤት ሲመጡ የያዙት አንድ ሻንጣ ልብስ፣ አንድ የሸክላ ማጫወቻና አንድ ክምር ሸክላ ነበር። ከምሳ በኋላ አንድ ሁለቱን ያስደምጡናል። ታዲያ የቤታችን ወለል ጣውላ ነው። ሰው ከጓዳ ወደ ሳሎን ባለፈ ቁጥር ይነዝራል፤ ንዝረቱ ማጫወቻው በተቀመጠበት የብረት ጠረጴዛ እግር ሽቅብ ይወጣና መርፌው ይዘላል። ዘፋኟ «ና» ብላ ጀምራ «ሂድ» ላይ ትገኛለች።

ቤተሰቡ በሙሉ እንደ ድመት መራመድ ጀመርን። አማቴ ይህን አይተው አንድ ቀን ማጫወቻውን በጨርቅ ሸፈኑት።

«ምነው አባባ?»

«ሰው በገዛ ቤቱ በእግሩ ጣት እየሄደ ዘፈን ይጥማል ብለህ ነው ልጄ? ለፋሲካ ወደ አገሬ ብመለስ ይሻላል።»

ብቻቸውን፣ ባዶ ቤት! ባለቤቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔም ማልሁ፤ መርፌውን አረጋዋለሁ እንጂ አማቴ ንቅንቅ አይሉም።

ስፖንጅ አነጠፍሁ፤ ማጫወቻው እንደ ታንኳ ተወዛወዘ። የባሕር ዛፍ ጣውላ ደረብሁ፤ ባሰበት። በመጨረሻ ዋንዛ ፍለጋ አማኑኤል ከተማ ድረስ ጋሽ ይታየው የሚባሉ አናጢ ዘንድ ሄድሁ።

«ዋንዛ?» ብለው ሳቁ። «ከበሮ የሚጠረብበትን እንጨት ነው ዝም በል የምትለው? ወይራ ውሰድ። ወይራ ሸክም እንጂ ወሬ አያውቅም። ወለሉንም ተወው፤ ከግድግዳው ቋሚ ጋር እሰረው።»

ወይራው ምስማሬን አጎበጠ፣ መሰርሰሪያዬን ሰበረ፣ አውራ ጣቴን አጠቆረ። እልህ ተያያዝን። ቅዳሜ ከሰዓት ወፍራሙ ሳንቃ ወለሉን ሳይነካ ግድግዳው ላይ ተቀመጠ፤ ማጫወቻውም በላዩ።

አማቴ እያመነቱ ሸክላውን አስቀመጡ። ባለቤቴን «ተራመጂ» አልኋት። በጣቷ ሄደች።

«እንደ ሰው!»

ተረከዟን እየረገጠች አለፈች። ዘፈኑ ቀጠለ። አማቴ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አደመጡ። «ይህ ስንኝ እንዳለው እንኳ ረስቼው ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ ሸክላውን ገለበጡት፤ ጋቢያቸውንም ወገባቸው ላይ ታጠቁ። መጀመሪያ ትከሻቸው መጣ፣ እግራቸው ተከተለ። ወለሉ ጮኸ፣ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፣ መርፌው ግን አልዘለለም። የዘለሉት አማቴ ናቸው።

ስለ ፋሲካው ጉዞ እስካሁን ያነሳ የለም። እኔ ግን ሰኞ አማኑኤል፣ ጋሽ ይታየው ዘንድ ነኝ፤ ከሳሎኑ ጣውላዎች ሁለቱ ተሰንጥቀዋል።