አቶ ፋንቱ ሳይፈቅዱ የተገዛው ኮምፒውተር

አቶ ፋንቱን በቅጡ አላውቃቸውም። የት እንደሚሠሩ፣ ፕሮሰሰር የሚባለውን የኮምፒውተር አንጎል ነገር ከማን እንደተማሩ፣ በሐምሌ ዝናብ ለምን ጥቁር መነጽር እንደሚያደርጉ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። አታት አካባቢ ነው የተወለዱት የሚል አንድ ሰው አለ፤ እሱም እርግጠኛ አይደለም።

የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ ሰው ዕቃ ሊገዛ ሲነሣ መንገድ ላይ ጠብቆ «ቆይ፣ አዲሱ እየመጣ ነው» የሚል ሰው የሌለበት ከተማ በአገራችን የለም። ለቡታጅራ የደረሷት ክቡር አቶ ፋንቱ ናቸው።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀረው፣ ከአዲስ አበባ ኮምፒውተር ያስመጣ ሁሉ እሳቸው ሳያዩለት አይሠራበትም ነበር። ክቡርነታቸው ይመጣሉ። የመስቀል በሬ እንደሚመርጥ ሰው ሳጥኑን ከጎን ከጎኑ ይዳስሳሉ። ጆሯቸውን ለጥፈው ማራገቢያውን ያዳምጣሉ። ከዚያ በየፕሮሰሰሩ ዓይነት ፍርድ ይሰጣሉ።

«ሴሌሮን ማለት ጨዋ ገበሬ ነው፤ ግን ቁርስ አልበላም። ፔንቲየም ፎር በልቷል፤ ግን ቁጡ ነው፣ ቶሎ ይግላል። ድዋል ኮር በድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ኮር ቱ ዱዎ እነዚያው ወንድማማቾች ናቸው፤ ሽማግሌ ገብቶ ታርቀው ከአንድ ትሪ ይበላሉ።»

«ታዲያ የትኛውን ልግዛ?» ይላል ለመግዛት ያሰበ ሰው።

«ቆይ፣ አዲሱ እየመጣ ነው።»

አንድ መምህር አዲሱን ሲጠብቅ ጡረታ ወጣ። ሙስተፋ የሚባል በርበሬ ነጋዴ ለልጁ ሊገዛ ሲጠብቅ ልጁ አግብቶ ወለደ፤ አሁን ለልጅ ልጁ እየጠበቀ ነው።

ከሁሉም የተጎዳችው ግን ታናሽ እህቴ ውድነሽ ናት። ፍርድ ቤቱ አጠገብ በታይፕራይተር ማመልከቻ ትጽፋለች። ሁለት ዓመት «ቆዪ» እየተባለች ስትቆይ፣ ማዶ ያለችው ዘይባ ኮምፒውተርና ፕሪንተር አስገባች። ከመስቃን ገጠር የሚመጣው ባለጉዳይ ሁሉ የውድነሽን በር እያለፈ ወደ ዘይባ ይሻገር ጀመር።

«ወንድምዬ፣ ሱቁን ልዘጋው ነው» አለችኝ ነሐሴ ላይ።

«እስቲ ጋሽ ፋንቱን አማክሪያቸው።»

«እሳቸውን ካማከርኩማ እስከሚቀጥለው ሚሊኒየም መቆየቴ ነው!»

የሰፈሩ ሴቶች ለመስቀል ብለው ቅቤ እየጣሉ በየተራ የሚወስዱት እቁብ አላቸው። ተራው የእሷ ነበር። ቅቤውን እንዳለ ሸጠችና ባላት ላይ ጨምራ፣ አቅሟ የፈቀደውን ሴሌሮን ገዛች። ግንባሩ ላይ የተለጠፈችው «ሴሌሮን» የምትል ምልክት አልላቀቅ ስላለቻት ሳጥኑን እንደ ሙሽራ ዳንቴል አለበሰችው።

«‹ቁርስ ያልበላ ነው› ከተባለማ ማን ይመጣልኛል?» አለች። እውነቷን ነው። አቶ ፋንቱ የፈረዱበትን ኮምፒውተር የሚያምን ሰው ቡታጅራ ውስጥ አልነበረም።

የመስቀል ዕለት ክቡርነታቸው እኛ ቤት ገቡ። ክትፎ ቀረበ። በጉራጌ ቤት፣ በመስቀል፣ ያውም በሚሊኒየሙ መስቀል፣ ቅቤው እንደ ዓይን መድኃኒት በጠብታ! አቶ ፋንቱ አንዴ ጎረሱ። ክትፎውን አዩት፤ ቀጥሎ ውድነሽን አዩአት። እኔን ላብ አጠመቀኝ።

በሳምንቱ ሱቋ መጡ። ከድሮ የሚባል ገበሬ ክስ ሊያስጽፍ መጥቶ በሩ ላይ ያመነታል፤ አንድ እግሩ ወደ ዘይባ ዞሯል። አቶ ፋንቱ ሳጥኑን ዳሰሱ። አዳመጡ። መነጽራቸውን አወለቁና የዳንቴሉን ጫፍ በሁለት ጣት ገለጥ አደረጉት። ውድነሽ ዓይኗን ጨፈነች።

ዳንቴሉን መለሱት። እጥፋቱንም አስተካከሉለት።

«ጌታዬ፣ ይቺ የዘይባን ታህላለች?» አለ ገበሬው።

«ኮር ቱ ዱዎ ናት» አሉ አቶ ፋንቱ። «ግባና ተቀመጥ። ከዚህ የተሻለ አይመጣም።»

እስከ ምሳ ሰዓት በሩ ላይ ወንበር ይዘው ለመጣው ሁሉ ይህንኑ አሉ። ኮምፒውተሩ አንድ ገጽ ለመክፈት ሲያቃስት «እያሰበች ነው፣ አትረብሿት» ይላሉ። ወረፋው በሩን አልፎ መንገድ ወጣ። ማዶ ዘይባ ደጃፏ ላይ ቆማ አንገቷን ታሰግጋለች። ውድነሽ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ሳይለይ ትጽፋለች። እኔም አቶ ፋንቱን አቅፌ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም፤ ግን እንዲህ ያለው ድፍረት የለኝም።

ልሸኛቸው ወጣሁና እንደምንም ብዬ፣ «ጋሽ ፋንቱ፣ ከዳንቴሉ ሥር ያለችውን ምልክት አንብበዋታል አይደል?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«አንተ ደግሞ ጥያቄ ታበዛለህ» አሉኝና ባጃጅ አስቁመው ሄዱ። ከተዋወቅን ጀምሮ የጠየቅኋቸው የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር።