ከብስክሌት መውረድ

በበቅሎ የሚሄድ ሰው ሽማግሌ ሲያገኝ ይወርዳል። ይህን ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት ጊዜ ማባከን ነው። ብስክሌት ግን ወደ አገራችን ስትመጣ ጎማዋንና ደወሏን ይዛ መጣች እንጂ ወጓን አልያዘችም፤ ስለዚህ እያንዳንዳችን እንደየአስተዳደጋችን ተጎዳንባት። እኔ እንዴት እንደተጎዳሁ ላጫውታችሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ዳንግላ ፍርድ ቤት የአገውኛ አስተርጓሚ ነበርኩ። የማድረው አዲስ ቅዳም ስለሆነ ጧት ጧት ከቆሰበር በምትመጣው አውቶቡስ እሄዳለሁ። አንድ የሰኔ ቀን አውቶቡሷ ቀረች፤ ከቆሰበር ማዶ ጎርፍ ድልድይ ሰብሮ ነው አሉ። ሌላ ቀን ቢሆን ተመልሼ እተኛ ነበር። የዚያን ዕለት ግን የእማማ ይታይሽ ቀጠሮ ነው። እኒህ ባልቴት ከአገውኛ በቀር አይሰሙም፤ የሟች ባላቸው ወንድም መሬታቸውን ነጥቋቸዋል። ዳኛው ደግሞ ፍርድ ቤቱ ለክረምት ሊዘጋ ስለሆነ «ዛሬ ካልተሰማ ለጥቅምት ነው» ብለዋል። እስከ ጥቅምት ሰውየው ዘርቶ፣ አርሞ፣ መሬቱን የራሱ ያስመስለዋል። ስለዚህ የጎረቤቴን የመምህሩን ብስክሌት ተውሼ ወጣሁ።

መቼም መንዳቱ አላቃተኝም፤ ያቃተኝ መውረዱ ነው። ቄስ አገኘሁ፤ ወረድኩ፣ መስቀል ተሳለምኩ። ሁለት ሽማግሌዎች መጡ፤ ወረድኩ። እነሱም ወግ አዋቂ ናቸውና ስለ እናቴ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ሳይጠይቁ አይለቁኝም። ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ወረድኩ። ልቅሶ የሚሄዱ ሰዎች መጡ፤ እስኪያልፉ ወርጄ ቆምኩ። ልብ በሉ፣ ብስክሌቷን ከነዳኋት ይልቅ የጎተትኳት ይበዛል። «እንዲህ ከሆነማ እማማ ይታይሽ ጉድ ሆኑ» አልኩ በሆዴ። ከዚህ በኋላ መልአክ ቢመጣ አልወርድም!

ዝናቡ ጀመረ። ወደ ዳንግላ ስቃረብ አንድ ገሳ የደረበ ሰው ከፊቴ ጎንበስ ብሎ ይሄዳል፤ ያ የሣር መከለያ ከራሱ እስከ ጉልበቱ ሸፍኖት ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። ደወሏን አቃጨልኩ። ባለገሳው ጭቃው ውስጥ ገብቶ መንገድ ለቀቀልኝ። አንገቴን እንኳ አላዞርኩም። እናንተም ብትሆኑ አታዞሩም ነበር።

በሰዓቱ ደረስኩ። ኮቴን ጨምቄ ዳኛው ፊት ቆምኩ። ከሳሽ ተጠሩ፤ የሉም። ሦስት ጊዜ ተጠሩ። ዳኛው «ለጥቅምት» አሉና መዝገቡን አጥፈው አስቀመጡት። ክው አልኩ። አውቶቡሷ በዚያው መንገድ ለሚመጡት ለእሳቸውም እንደቀረች ያን ጊዜ ገና ታየኝ።

ቀትር ሳይሆን አንድ ገሳ በሩ ላይ ወለቀ። እማማ ይታይሽ ናቸው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ በአገውኛም እንዲህ አሉኝ፦

«ደረስህልኝ ልጄ? አንተ መሆንህን አውቄ እኮ ነው ከመንገዱ የወጣሁልህ። እኔ ብዘገይም እሱ ከደረሰ ቃሌን ይናገርልኛል ብዬ።»

ጸሐፊው ከወረቀቱ ቀና አለ። «ምን ይላሉ?»

«ሰላምታ ነው» ብዬ ተረጎምኩለት።